ከክፍል እስከ ምሽግ፦ የአስተማሪው የሃዋርድ ባስከርቪል ጉዳይ

አንድ ጊዜ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ስለ ሕገ መንግሥት የበላይነት ቦርዱን ሞልቼ ጽፌ ዞር ስል፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይሄ ለፈተና ነው ወይስ የእውነት?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልሰጠሁትም፤ ደወሉ ደወለና ገላገለኝ።

ያን ልጅ ያስታወሰኝ የሃዋርድ ባስከርቪል ታሪክ ነው። ባስከርቪል ከዛሬ መቶ ምናምን ዓመት በፊት በፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን፣ ታብሪዝ በምትባል ከተማ በአሜሪካ ፕሪስቢቴሪያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማረ ወጣት ነው። ይኸው ጥያቄ እሱም ክፍል ገባ። እሱን የሚገላግል ደወል ግን አልነበረም።

ኢራን ውስጥ ስሙ ይታወቃል። በአገሩ በአሜሪካ የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ፕሪስቢቴሪያን ማለት ጳጳስ የሌላቸው፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚተዳደሩ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። የወለጋ ሰው ከሆንክ ቤተሰቡን ታውቀዋለህ፤ በ1919 ደምቢ ዶሎ ላይ ሥራ የጀመረውና በኋላ ቤቴል የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን ያስገኘው አሜሪካን ሚሽን የእነሱ ወገን ነው። ፋርስ የገቡት ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው ነው። አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ኡርሚያ በምትባል የሰሜን ምዕራብ ፋርስ ከተማ ሥራ የጀመሩት በ1830ዎቹ ነው፤ ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሥራውን ፕሪስቢቴሪያኖቹ ተረከቡት። ሙስሊሙን መስበክ አስቸጋሪም አደገኛም ስለነበር አብዛኛው ሥራቸው ከአሦርና ከአርመን ክርስቲያኖች ጋር ነበር። ለሁሉም ክፍት የነበሩት ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ናቸው። ወንጌሉን ያልፈለገ ሰው እንግሊዝኛውንና ኪኒኑን ይፈልጋል። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል።

ባስከርቪል በ1885 ኔብራስካ ውስጥ ኖርዝ ፕላት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓስተር ነበሩ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1907 ተመረቀ። እዚያ ከተማረባቸው መምህራን አንዱ ዉድሮው ዊልሰን ነው፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ያን ጊዜ ግን የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የነበረውና ስለ ሕገ መንግሥታዊ አስተዳደር ያስተምር የነበረው ራሱ። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ።

እንደተመረቀ ለሁለት ዓመት ታብሪዝ ሄዶ ሊያስተምር ተዋዋለ። ልብ በሉ፣ ቄስ አይደለም፤ የኮንትራት አስተማሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ልጅ ጋምቤላ ወይም አፋር እጣ ደረሰህ ብለን እንልከው እንደነበረው ዓይነት፣ የሁለት ዓመት ነገር፣ ሄዶ አገር አይቶ የሚመለስበት። በ1907 መገባደጃ ታብሪዝ ገባና ሜሞሪያል ስኩል በሚባለው የወንዶች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ አርመኖች፣ አሦሮች፣ ደህና ኑሮ ያላቸው የሙስሊም ልጆችም ነበሩ።

የገባበት አገር ግን እየፈላ ነበር።

በ1906 ፋርስ ውስጥ ነጋዴው፣ የሃይማኖት መሪው፣ የተማረው ክፍል አንድ ላይ ተነስቶ ሻህ የሚባለውን ንጉሥ፣ ሙዛፈር አልዲንን፣ ሕገ መንግሥት አስፈርሞታል። ሕመምተኛው ሻህ በፈረመ በቀናት ውስጥ ሞተ። ዙፋኑን የያዘው ልጁ መሐመድ አሊ ሻህ ግን ሕገ መንግሥት የሚባለውን ነገር ማየትም አይፈልግም። በነሐሴ 1907 ደግሞ እንግሊዝና ሩሲያ ቁጭ ብለው አገሪቱን በካርታ ላይ ተካፈሉ፤ ሰሜኑ የሩሲያ ተጽዕኖ ክልል፣ ደቡብ ምሥራቁ የእንግሊዝ። ፋርሶቹን የጠየቃቸው የለም። በሰኔ 1908 ሻህ በሩሲያ መኮንን የሚመራውን የኮሳክ ብርጌድ የተባለ የፈረሰኛ ጦሩን ልኮ ቴህራን ያለውን ፓርላማ በመድፍ አስደበደበ። በማግስቱ ጋዜጠኛና ተናጋሪ የነበሩ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ።

(ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው በ1908 እኛ ጋ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ዘመኑ እንደዚያ ነው።)

አገሩ በሙሉ ጸጥ ሲል ታብሪዝ እምቢ አለች። እሷም ብትሆን ልትሰበር ትንሽ ነበር የቀራት። የሻህ ወገኖች ከተማዋን ሰፈር በሰፈር እየያዙ፣ እጁን የሰጠው ሁሉ በሩ ላይ ነጭ ባንዲራ እየሰቀለ፣ በመጨረሻ አሚርኺዝ የሚባል ሰፈርና እፍኝ የማይሞላ ሰው ቀረ። የሰፈሩ አለቃ ሰታር ኻን ይባላል። ፊደል ያልቆጠረ፣ ፈረስ ሲነግድ የኖረ የሰፈር ጉልበተኛ ነበር፤ አራዳ ልትሉት ትችላላችሁ። ይህ ሰው ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በፈረስ ወጣና ነጩን ባንዲራ ከየበሩ እየነቀለ ጣለ። በቃ። ከዚያ ቀን በኋላ ከተማዋ ተመልሳ ተነሳች። የታብሪዝ ሰው ይህቺን ቀን እስከ ዛሬ ያወራታል።

እንግዲህ አሁን ራሳችሁን ባስከርቪል ቦታ አስቀምጡ። ከዉድሮው ዊልሰን ክፍል ከወጣ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ታሪክ ያስተምራል። ስለ ሕግ፣ ስለ ፓርላማ፣ ሥልጣን እንዴት እንደሚገደብ ያወራል። ከፊቱ የተቀመጡት ልጆች ግን ይህን የሚሰሙት ለፈተና አይደለም። የአንዱ ወንድም ምሽግ ላይ ነው። የሌላው አባት ሱቁን ዘግቶ ጠመንጃ ገዝቷል። እዚያው ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ሸሪፍዛዴ የሚባል ወጣት፣ የሕገ መንግሥቱ ሰዎች ዋና ተናጋሪ የነበረ፣ በ1908 መንገድ ላይ ተገደለ። ትናንት አብሮህ ሻይ የጠጣ ባልደረባህ ዛሬ የለም። ነገ ክፍል ገብተህ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ታስተምራለህ?

ሚሲዮኑ ግን ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ፖለቲካ ውስጥ እጅ ማስገባት ክልክል ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ሚሲዮኑን ፈሪ አድርጎ ይስላል። እኔ አልስማማም። በሰው አገር፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ በቆንስል ከለላ ነው የሚኖሩት። ሐኪም ቤት አላቸው፣ የሴቶች ትምህርት ቤት አላቸው፣ በእነሱ የተጠለሉ ክርስቲያኖች በየመንደሩ አሉ። አንድ አሜሪካዊ ጠመንጃ ይዞ ታየ ማለት ነገ ኡርሚያ አካባቢ ያለ የአሦር መንደር ሊከፍል ይችላል። ይህ ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። በ1904 ቤንጃሚን ላባሪ የተባለ ሚሲዮናዊ በዚያው አካባቢ መንገድ ላይ ተገድሏል፤ ጣጣውም ከአሜሪካ መንግሥት ጋር እስከ ካሳ ድረስ ተጎትቷል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሳሙኤል ዊልሰን ብዙ ዓመት ፋርስ የኖረ ሰው ነው፣ ይህን ሁሉ ያውቃል። ልጁን "ተው" ሲለው ከልቡ ነው።

1909 ሲገባ የሻህ ጦር ከተማዋን ዙሪያዋን ያዘ። ከሩሲያ ድንበር ከጁልፋ የሚመጣው መንገድ ተዘጋ። ስንዴ አለቀ። ዳቦ ቤት ፊት ሰልፍ፣ ከዚያ ሰልፍ ብቻ፣ ከዚያ ሰልፉም ቀረ። ጸደይ ብቅ ሲል ሰው ሜዳ ወጥቶ ዮንጃ መልቀም ጀመረ። ዮንጃ ማለት እኛ አልፋልፋ የምንለው የከብት መኖ ነው። ሰዉ እሱን በላ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ አጥር ውጪ ይህ ነው የሚሆነው።

ባስከርቪል በዚህ ጊዜ ነው የቆረጠው። በዚያው በ1909 ጸደይ መጀመሪያ ላይ ሥራውን ለቀቀ። አብሮት ሙር የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛም ነበር፤ ሁለቱ ተስማምተው ተማሪዎችንና ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ቡድኑ በፋርስኛ ፎውጀ ነጃት ተባለ፣ የማዳን ጦር እንደማለት ነው። ቁጥሩ መቶና ከዚያ ትንሽ በላይ ይሆናል። አብዛኞቹ የቀለም ልጆች ናቸው፣ ጠመንጃ በደንብ መያዝ እንኳ የማይችሉ። ትናንት ደብተር ያረመላቸው ሰው ዛሬ "ግራ፣ ቀኝ" እያለ ያሰልፋቸዋል።

የአሜሪካው ቆንስል ዊሊያም ዶቲ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። ዜግነትህን እያሰብክ ተመለስ አለው። አልሰማ ሲል ፓስፖርትህን መልስ አለው። ባስከርቪል ፓስፖርቱን አስረከበ። በዚህ ሰሞን ተናገራት የምትባል አንዲት ቃል አለች፣ ኢራናውያን በቃላቸው የያዟት፦ "በእኔና በእነዚህ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የተወለድኩበት ቦታ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ ትልቅ ልዩነት አይደለም።"

ጥሩ አባባል ነው። ፖስተር ላይ ያምራል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የአካሄዱ ሥርዓት ነው። ዝም ብሎ በሌሊት ሹልክ ብሎ ምሽግ አልገባም። መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ፤ ስለዚህ ሚሲዮኑ "የእኛ ሰው አይደለም" ማለት ይችላል። ቀጥሎ ፓስፖርቱን መለሰ፤ ስለዚህ ቆንስሉም "ከለላችን ላይ የለም" ማለት ይችላል። ሰው በራሱ ሕይወት መወሰን ይችላል፣ የሌላውን ስም ይዞ ግን መግባት የለበትም፤ ይህን በሃያ ሦስት ዓመቱ ገብቶታል። የትምህርት ቤቱን ኃላፊ የሳሙኤል ዊልሰንን ስጋት ንቆ የሄደ ልጅ አይደለም። ከቁም ነገር ቆጥሮት ነው የሄደው።

አንድ ነገር ግን ሊለቀው አልቻለም። አሜሪካዊነቱን በወረቀት መለሰ፣ ሠራተኝነቱን በወረቀት መለሰ፣ አስተማሪነቱን ግን የሚመልስበት ቢሮ የለም። ልጆቹ እንደሆነ "ቲቸር" ማለታቸውን አልተዉም። የተከተሉትም ለዚያ ነው። ጉዳዩ እኔ ላይ የሚከብደኝ እዚህ ጋ ነው። ብቻውን ቢሄድ ኖሮ ጀግና ነው ብዬ ወረቀቴን አጥፌ እተኛ ነበር። እሱ ግን ተማሪዎቹን አሰለፈ። የአስተማሪ ቃል ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከአባት ቃል ሊበልጥ ይችላል፤ ያስተማረ ያውቀዋል። የወላጅ አደራ የሚባል ነገር አለ።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ያልሰለጠነ ልጅ ምሽግ ገብቶ ከሚያልቅ ቢያንስ የሚያስተባብረው ሰው ቢያገኝ አይሻልም ወይ? ልጆቹ እኮ ጠመንጃውን ከእሱ አልተማሩትም፣ ጦርነቱ እሱ ሳይጠራው ቤታቸው ገብቷል። ይህንም አውቃለሁ። ሁለቱን ሐሳብ ስንት ጊዜ ገለባበጥኳቸው፣ አንዱ ሌላውን አይጥለውም። ግድ ፍረድ ከተባልኩ፣ መሄዱ ልክ ነበር፣ ልጆቹን ይዞ መሄዱ ስህተት ነበር እላለሁ። ሰታር ኻን ጋ ሄዶ ከጎልማሶቹ ጋር መሰለፍ ነበረበት።

እንደ ወታደር ስናየው ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ጎበዝ አልነበረም። ከኮሌጅ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ምሽግ ነው፤ ጦር ሜዳ አያውቅም። ሰታር ኻን ሰፈሩን ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቅ፣ ከየት እንደሚተኮስ የሚሸተው ሰው ነው። ባስከርቪል ከተማዋ በረሃብ ከማለቋ በፊት ከበባውን ሰብረን ምግብ እናስገባ ሲል፣ ሰታር ኻን ትንሽ እንቆይ ባይ ነበር። ቆንስሎቹ ድርድር ላይ ናቸውና። ልጁ ግን አልቻለም። ሰው እየሞተ ነው።

ሚያዝያ 1909። ጥቃቱ ከንጋት በፊት እንዲሆን ተወስኗል። አብረን እንወጣለን ብለው ቃል የገቡት ብዙ ናቸው። ሰዓቱ ደረሰ። ጨለማው ውስጥ ሰው ሲቆጠር አሥር ገደማ ብቻ ተገኘ። ከመቶ በላይ ከነበረው። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ እያንዳንዱ ቤት እናት አለች፣ ከበር የምትቆም። እንዲያውም ያን ሌሊት ደጃፍ ላይ የቆመ እናትም አባትም ካለ፣ እግዜር ይስጣቸው ነው የምለው።

እሱስ? መመለስ ይችል ነበር። ማንም ፈራህ አይለውም፤ ጦሩ ራሱ አልመጣማ። አልተመለሰም። የቀሩትን ይዞ ወጣ፣ ከፊት ሆኖ። ከተማው ዳር ላይ ከተደበቀ ተኳሽ የተተኮሰ ጥይት መታውና እዚያው ሞተ። ሃያ አራተኛ ዓመቱን ከያዘ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ኮንትራቱም አላለቀም።

አስከሬኑን ወደ ሚሲዮኑ ግቢ መለሱት። የለቀቀው ትምህርት ቤት፣ ያስጠነቀቁት ሰዎች፣ እነሱ ናቸው ገንዘው ያዘጋጁት። ለቀብሩ ከተማው ወጣ፤ በረሃብ የዛለ ከተማ፣ ሙስሊሙም አርመኑም አሦሩም፣ በሺዎች። የሕገ መንግሥቱ ታጋይ የፓርላማ ሰው ሐሰን ታቂዛዴ ሲናገር፣ ወጣቷ አሜሪካ በወጣቱ ባስከርቪል በኩል ለወጣቱ የኢራን ሕገ መንግሥት ይህን መሥዋዕት ከፈለች አለ። ለወላጆቹም ከታብሪዝ ቴሌግራም ሄደ። የወደፊቷ ፋርስ ስሙን እንደ ላፋዬት በታሪኳ ታከብረዋለች፣ መቃብሩንም ትጠብቃለች የሚል። ላፋዬት ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጋው ፈረንሳዊ ነው። ለአሜሪካዊ ወላጅ ልጁን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ የጻፈው ሰው ብልህ ነው። ያሳደገችው እናት ግን ወረቀቱን ይዛ ምን እንዳለች እግዜር ይወቀው።

ከዚያ የሚያበሽቀው ክፍል ይመጣል። እሱ በሞተ በቀናት ውስጥ፣ እዚያው ሚያዝያ ሳያልቅ፣ የሩሲያ ወታደሮች በጁልፋ መንገድ ገቡ። የውጭ ዜጎችን እንጠብቃለን፣ ምግብ እናስገባለን ብለው። ስንዴው ገባ። ከበባው ተፈታ። ማለት እኮ አንድ ሁለት ሳምንት ቢታገስ... ግን እንደዚያ ብሎ ማሰብም አይሆንም፤ ነገ መንገዱ ይከፈታል ብሎ የነገረው የለም። ደግሞ መንገዱን የከፈቱት ሩሲያውያን እዚያው ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሕገ መንግሥቱ ኃይሎች ቴህራን ገብተው መሐመድ አሊ ሻህን ከዙፋን አወረዱት፣ ፓርላማውም ተመለሰ። ግን በ1911 መጨረሻ ላይ እነዚያው ሩሲያውያን ታብሪዝ ውስጥ የስቅላት እንጨት ተከሉ፤ ትልቅ የሃይማኖት አባት የነበሩትን ሴቀት ኦልኢስላምን ከሌሎች የሕገ መንግሥት ሰዎች ጋር በዓሹራ፣ በሺዓ ሙስሊሞች ታላቅ የሐዘን ቀን፣ ሰቀሏቸው። ድሉም ከበባውም እንደዚህ የተቀላቀለ ነው።

ሚሲዮኑስ? የፈራው አልደረሰበትም። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። እንዲያውም "የባስከርቪል ትምህርት ቤት" መባሉ ነገሩን ሳያቀልለት አልቀረም፤ ደንቡን የጣሰው አስተማሪ ለትምህርት ቤቱ ስም ሠራለት። ይህን ስላየሁ ግን ደንቡ ስህተት ነበር አልልም። ቁማሩ አንድ ጊዜ ስለበላ ሁልጊዜ ይበላል ማለት አይደለም።

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳዴቅ ሬዛዛዴ ሻፋቅ ይባላል። ከጦርነቱ ተርፎ ተማረ፣ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ፓርላማም ገባ። አዎ፣ በመድፍ ተደብድቦ የነበረው ፓርላማ። ስለ አስተማሪው ጽፎ ያስቀረልን እሱ ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚያ ክፍል ከተቀመጠ ልጅ ትዝታ የመጣ ነው።

ታብሪዝ የምንጣፍ ከተማ ናት። ባለሙያዎቿ የአስተማሪውን ፊት በምንጣፍ ሠርተውታል፣ ክር በክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ። ያኔ የሕገ መንግሥቱ ሰዎች ይሰበሰቡበት የነበረው ቤት አሁን ሙዚየም ነው፤ እዚያም የነሐስ ምስሉ ቆሟል፣ ከእነ ሰታር ኻን ጋር። ኢራንና አሜሪካ ስንት ዓመት ሲሰዳደቡ፣ ሲዘጋጉ፣ ኤምባሲ ሲዘጋ፣ ምስሉን ያነሳው የለም። መቃብሩም እዚያው ታብሪዝ፣ ክርስቲያኖቹ መቃብር ውስጥ ነው። በቴሌግራሙ እንደተባለው እስከ አሁን አለ።

ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አገኘኝና "ቲቸር" ብሎ ሒሳቤን ከፈለልኝ። ጥያቄውን ያስታውስ እንደሆነ ልጠይቀው አሰብኩ። ሜክሲኮ ደረስንና ወረደ።